ጋሽ ኸይሩና ስድስቱ ባትሪዎች

ጋሽ ኸይሩ ማረፋቸውን የሰማሁት ወልቂጤ ላይ የግቢ በር እየበየድኩ ሳለ ነው። የደወለልኝ ቡታጅራ ያለው የድሮ ጎረቤታችን፣ ጎማ ጠጋኙ ሙዘይን ነው። "ጋሽ ኸይሩ ወደ አኺራ ሄዱ" አለኝ። አታት ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝተው እንደነበርና ትናንት እንደተቀበሩም ነገረኝ። እኔም መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ "እሺ" አልኩት። ሰው ሞተ ሲባል እሺ ይባላል እንዴ? የባሰው ደግሞ ስልኩን ዘግቼ ብየዳዬን ቀጠልኩ። በሩ ተጣሞ ወጣና እንደገና ፈትቼ ልሠራው ግድ ሆነ።

ስለ ጋሽ ኸይሩ ላውራ ስል ከየት እንደምጀምር ይጠፋኛል። ሰው ስለሞተ ሰው ሲያወራ ደግ ነበር ይላል፣ ወይ ቁጡ ነበር ይላል፣ በቃ ያልቅለታል። እኔን ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳገላብጠው ከርሜ ዛሬም አልገባኝም። ምናልባት ከመጀመሪያው ብናገረው ይጠራልኝ ይሆናል። ባይጠራልኝም እንግዲህ ምን ይደረግ።

ቡታጅራ እያለሁ የእኔ የብረታ ብረት ቤትና የእሳቸው ሱቅ አንድ ግድግዳ ነበር የሚለየው። ሥራቸው የተቃጠለ ሞተር ከፍቶ፣ ያረረውን የመዳብ ሽቦ አውጥቶ፣ በአዲስ ሽቦ መጠምጠም ነው። ከጉንችሬ የወፍጮ ሞተር ይመጣላቸዋል፣ ከእምድብር የውሃ ፓምፕ ይመጣላቸዋል። ሰው ከዚያ በላይ የሚፈልጋቸው ግን ለግምታቸው ነበር። ወፍጮ ልትተክል ነው? ስንት ኪሎዋት ሞተር እንደሚበቃህ ጋሽ ኸይሩን ትጠይቃለህ። እሳቸውም ተቀምጠው አይነግሩህም። ቦታው ድረስ ሄደው፣ ድንጋዩን በእጃቸው አዙረው፣ እህሉን ቆርጥመው፣ ወፍጮው ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ሳይቀር ጠይቀው ነው። አንዴ ከተናገሩ ግን አለቀ። ስተው አያውቁም ይባል ነበር። "ኸይሩ ብሎታል" ከተባለ የገበያ ክርክር ሁሉ እዚያው ይቆማል።

እሳቸው ታዲያ በዚህ ከመኩራት ይልቅ ይፈሩት ነበር። "ግምት አማና ነው፣ አደራ" ይላሉ። "ሰው በአንተ ቃል ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ይራመዳል።" ስለዚህ ሂሳቡን ሁሉ ከጨረሱ በኋላ ሩቡን ያህል ይጨምሩበታል። ይህችን ጭማሪ የእንግዳ ድርሻ ይሏታል፤ ቤት ውስጥ ምግብ ሲሠራ ያልተጠራ ሰው ቢመጣስ ተብሎ እንደሚተርፈው ማለት ነው። አንድ ጊዜ ከኮሌጅ የወጣ ኢንጂነር ይህ ጭማሪ በየትኛው ቀመር እንደመጣ ቢጠይቃቸው፣ እናትህ ቤት እንግዳ መጥቶ አያውቅም ወይ ብለው ዝም አሰኙት። ደግሞ የገመቱትን ነገር መጀመሪያ የሚሞክሩት ራሳቸው ናቸው። ፓምፕ ከሆነ የመጀመሪያውን ውሃ ይጠጣሉ። ዕቃ ማንሻ ከሆነ መንጠቆው ላይ ራሳቸው ይንጠለጠላሉ። እኔ እንደሆንኩ አፌ አያርፍም፤ መቃብር የሚቆፍር ማሽን ቢያስገምቱዎትስ ስላቸው፣ "እሱንም ተራዬ ሲደርስ እሞክረዋለሁ" አሉኝ።

ጣጣው የመጣው በጀልባ ነው። ቡታጅራና ጀልባ ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ። ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ አበባ እርሻ ላይ ይሠራ የነበረ አንድ የውጭ አገር ሰው ነበር፤ በርና መስኮት ሠርቼለት ተግባባን። ወደ አገሩ ሲመለስ ሐይቁ ላይ የነበረችውን ባለ ሸራ ጀልባውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ሰባት ሜትር የምትሆን ቆንጆ ጀልባ ናት። ግን በሸራ መሄድ እኔ የት አውቄ! የቤንዚን ሞተሯን እንዳልጠቀም ቤንዚን የሚገኘው ቀኑን ሙሉ ተሰልፎ ነው። እንዲሁ ቆማ ወፍ ትሰፍርባት ጀመር።

ለመስቀል ዘመዶቼ ከአዲስ አበባ ተጠራርተው ሲመጡ ይህንኑ ይዘው አበሸቁኝ። በተለይ መርካቶ ያለው አጎቴ መርከበኛው እያለ የክትፎ ጣባ እስኪያልቅ ሳቀብኝ። እኔ ደግሞ ስናደድ አፌና ልቤ አይነጋገሩም። ተነስቼ፣ የዛሬ ዓመት በመስቀል ሁላችሁንም ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ሐይቁ ላይ አንሸራሽራችኋለሁ አልኩ። አጎቴ በምን ነው፣ በጸሎት ወይ ሲለኝ፣ በኤሌክትሪክ ነው አልኩት። ያን ያህል ሰው ፊት የተናገርኩትን እንዴት አድርጌ ልመልሰው? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ።

ዓመቱ እንደ ዋዛ ሄዶ ክረምቱ ሲጋመስ ወደ ጋሽ ኸይሩ ሮጥኩ። የድሮው ሞተር አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ስለነበር አሥር ኪሎዋት ያስፈልግሃል ይሉኛል ብዬ ፈርቻለሁ። እሳቸው ግን ጀልባውን ጎትቼው ስለማላውቅ ምንም ልልህ አልችልም አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። በሳምንቱ ከሥጋ ቤት የመንጠቆ ሚዛን ተውሰው፣ ረጅም ገመድ ትከሻቸው ላይ ጠምጥመው መጡና ዝዋይ ወረድን። ልብ በሉ፣ ጋሽ ኸይሩ ውሃ ይፈራሉ። ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸውን ወንዝ ስለወሰደባቸው ከጉልበታቸው በላይ ውሃ ገብተው አያውቁም።

ገመዱን ከጀልባዋ አፍንጫ አስረው፣ ጫፉን ሚዛኑ ላይ ሰቅለው፣ ሚዛኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በሐይቁ ዳር ዳር ጀልባዋን እንደ ፋሲካ በግ እየጎተቱ መሄድ ጀመሩ። እኔ ላይዋ ላይ ሆኜ ወደ ዳር እንዳትጠጋ በመቅዘፊያ እገፋለሁ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ያዩናል። ስንት ይላል ብዬ ጮህኩ። በሰው እርምጃ ሰባት ኪሎ ብቻ! አንድ ቶን የምታህል ጀልባ በሰባት ኪሎ ጉልበት ትከተላቸዋለች። ሶምሶማ ሲሉ ሃያ አምስት ሆነ። ሦስት ዓሣ አጥማጆች ተጨምረው በሩጫ ሲስቧት ስልሳውን አልፎ ሚዛኑ ሊበጠስ ደረሰ። ጋሽ ኸይሩ እያለከለኩ አሸዋው ላይ ተቀመጡ። "አየህ ተክሌ፣ ውሃ ቀስ ላለው መንገድ ይሰጣል። ለቸኮለ ግን ይቆጣል" አሉኝ።

ከዚያ ጉልበቱን በፍጥነቱ አባዙት። ሞተሩና ፕሮፔለሩ በመንገድ የሚያባክኑት ብዙ ነው ብለው ከእጥፍ በላይ አደረጉት። በሶምሶማ ለመሄድ አንድ ኪሎዋት ከሩብ ገደማ ሆነ። ልቤ ወለል አለ፤ በሉ እንሂድ አልኳቸው። እሳቸው ግን ነፋሱን ሳንጠይቀው የት ነው የምንሄደው ብለው እስከ ከሰዓት አስቀመጡኝ። የሐይቁ ነፋስ ጠዋት ተኝቶ የሚያረፍደው ከሰዓት ሊነሳ ነው። ሲነሳ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ አዙረው ያንኑ ሶምሶማ ሄዱ። ሚዛኑ ሃምሳ ላይ ይዘል ጀመር።

ሂሳቡን በካርቶን ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ሞተሩ ሦስት ኪሎዋት ይሁን። ባትሪው በሳጥን ሲቆጠር፣ አንዱ ሳጥን ለአንድ ሰዓት አንድ ኪሎዋት የሚሰጥ ከሆነ፣ ጠዋት ሐይቁ መሐል ወዳለው ደሴት ለመሄድ ሁለት ሳጥን፣ ከሰዓት ነፋሱን እየገፉ፣ ማዕበሉም እያዘገየ፣ ለመመለስ ስድስት፣ የእንግዳ ድርሻ ደግሞ ሁለት። አሥር ሳጥን። ከዚህ በላይ ምን ግልጽ ነገር አለ?

ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ባጃጅ አገኘን። ባትሪው ግን ወልቂጤ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከተጋጨ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ የወረደ ነበር፤ ደህናዎቹ ስድስት ብቻ ሆኑ። የቀሩት አብጠዋል። ከአዲስ አበባ ላምጣ ብል ወር ይፈጃል ተባልኩ። መስቀል ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። አጎቴ በየቀኑ እየደወለ የመርከቢቱን ደህንነት ይጠይቀኛል።

ስድስቱን ይዤ ጋሽ ኸይሩ ዘንድ ሄድኩ። ጠዋት ወጥታችሁ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት ከተመለሳችሁ፣ ነፋስ ስለማያገኛችሁ ስድስቱ ይበቃል አሉኝ። ደስ አለኝ። ግን ሐይቁ ላይ የጀልባ ማህበር አለ፤ ሰው የሚጭን አዲስ ነገር ያለ ባለሙያ ፊርማ አያስወጣም። ጋሽ ኸይሩ "ከስድስት ሰዓት በፊት ከተመለሰ" ብለው ከጻፉ ደግሞ የማህበሩ ሊቀመንበር ከሰዓት ለማትሠራ ጀልባ ፈቃድ እንደማይሰጠኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ለመንኳቸው። ያቺን ሐረግ ይተዉልኝ፣ ሰዓቱን እኔ አከብራለሁ፣ በእናቴ አፅም ይዤዎታለሁ አልኳቸው። መጀመሪያ ተቆጡ። ቀጥሎ ሳቁ፤ ዘመዶችህን አውቃቸዋለሁ፣ ከበሉበት አይነሱም አሉ። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ ቆምኩ። ሁለት ቀን ተመላለስኩባቸው። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱን ሳቡና "ለዚህች ጀልባ ስድስት ሳጥን ባትሪ ይበቃል" ብለው ጽፈው ፈረሙ። ፊርማቸው ላይ አፍጥጠው ቆዩና፣ "እኔም እሳፈራለሁ" አሉ።

ያልገባኝ እንግዲህ ይኼ ነው። ከሂሳባቸው ግማሽ ኪሎዋት የማያስቀሩ ሰው፣ ለሚኒስትር ቢሆን ቁጥር የማያሻሽሉ ሰው፣ ለእኔ ለበያጁ ለምን ፈረሙ? ወድደውኝ ነው? ሰልችቻቸው ነው? አርጅተው ነው? እያንዳንዱን አስቤ እያንዳንዱን ጥዬዋለሁ።

የመስቀል ማግስት ደረሰ። ዘጠኝ ሰው ይመጣል ያልኩት አሥራ አራት ሆኖ መጣ። በዚያ ላይ ክትፎው፣ ቆጮው፣ የለስላሳ ሳጥኑ። እኔ ደግሞ ሙያዬ አያስቀምጠኝም፤ ዘመዶቼን ፀሐይ እንዳይመታቸው ብዬ የሸራውን ምሰሶ ቆርጬ ጥዬ፣ በቱቦ ብረት ሰፊ ዳስ በይጄላት፣ ሦስት ጎኑን በላስቲክ ሸራ ሸፍኜላት ነበር። ጋሽ ኸይሩ ይህን የዚያን ዕለት ጠዋት ገና ማየታቸው ነው። ዳሷን ዞሯት። በእጃቸው ጀርባ ዳበሷት። ቀና ብለው አዩኝ። ነፋስ እንደምትይዝ እሳቸው ካላወቁ ማን ያውቃል? አንድ ቃል ቢናገሩ እዚያው እፈታት ነበር፤ እፈታት ነበር እላለሁ እንጂ እንጃ። "ቢስሚላህ" ብለው ተሳፈሩ። መሐል ላይ ተቀምጠው የዳሷን ቋሚ ጨበጡ።

አካሄዳችን ግሩም ነበር። ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት። አጎቴ ዝም አለ፤ አጎቴ ዝም ሲል በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ደሴቱ ላይ ወርደን ምግብ ቀረበ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ኸይሩ መጥተው ሰዓቱን አሳሰቡኝ። አንድ አፍታ አልኳቸው። አምስት ሰዓት ላይ ደግመው መጡ። አጎቴ ምርቃት ጀምሮ ነበር፤ የአጎቴን ምርቃት ማን ያቋርጣል? ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጡ እጄን አወዛወዝኩባቸው። እጄን። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ዞር ብዬ ሳይ፣ እኚያ ውሃ የሚፈሩ ሰው ብቻቸውን ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጠው ይጠብቁን ነበር።

የተነሳነው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ ከፊት ለፊታችን መጣ። ዳሷ ትንፋሽ እንደሞላው ፊኛ ተነፋች። ጋሽ ኸይሩ ቀስ በል፣ ወደ እርምጃ አውርደው አሉኝ፤ ሳወርደው ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልሰናል፤ ስጨምረው ባትሪው ዓይኔ እያየ ይወርዳል። ዳሩ ላይ ያሉት ሰዎች ልብሳቸው ቀይ ይሁን ነጭ እስክንለይ ድረስ ቀርበን ሞተሩ ጸጥ አለ። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች። ውሃ ይረጨን ጀመር፣ አክስቴ ማርያም ማርያም ትላለች፣ ሕፃናት ያስመልሳሉ። ጋሽ ኸይሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ዳሷን ልቁረጥ ብል መቁረጫ አልያዝኩም። ከአንድ ሰዓት በላይ ከተንገላታን በኋላ ሁለት የዓሣ ጀልባዎች መጥተው ጎትተው አወጡን። ተመስገን ነው፣ ማንም አልተጎዳም።

ዳሩ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል፤ ስልክ ያላነሳ የለም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ይዞ መጣና፣ "ይህን የገመተው ማነው?" አለ።

ጋሽ ኸይሩ ከእግራቸው ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ፊት ወጡ። "እኔ ነኝ። ስቼ ነው" አሉ።

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። ዘመዶቼ ሁሉ ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ፣ ነፋስ ገባበት፣ ዘጋሁት። አጎቴ ሽማግሌው ዕድሜ ተጭኗቸዋል ብሎ ለሰዉ ሲያስረዳ ሰማሁ። ይህንንም ሰምቼ ዝም አልኩ። እኔ ያ ሁሉ ምላስ ያለኝ ሰውዬ!

ቪዲዮው ከእኛ ቀድሞ ቡታጅራ ገባ። ኸይሩ ሳተ ተባለ። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። ቆይቶ የጉንችሬዎቹ ወፍጮ ባለቤቶች ሞተራቸውን ሆሳዕና ይዘው መሄድ ጀመሩ። የጋሽ ኸይሩ ሱቅ ይከፈታል፤ እሳቸው በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጣሉ። በየማለዳው "ተክሌ፣ እንዴት አደርክ?" ይሉኛል፤ ድምፃቸው የድሮው ነው። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት? አንድ ጊዜ ቢቆጡኝ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። ሰው ሳይቆጣህ እንዴት ብለህ ይቅርታ ትጠይቃለህ? ግራ ገባኝ። ወልቂጤ ሥራ ሞልቷል ብዬ ዕቃዬን ጭኜ ሄድኩ። ሥራም አልሞላም ነበር።

ለቅሶው ቤት የደረስኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ተቀምጠው ስለ ጋሽ ኸይሩ ያወራሉ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ ጥግ ያዝኩ። አንድ የጉንችሬ ወፍጮ ባለቤት፣ ጺማቸውን እያሻሹ፣ በዚያ ሁሉ ዘመን የሳተው አንዴ ብቻ ነው፣ እሱንም አላህ ይማረው አሉ። ሌሎቹ አሚን አሉ። እግሬ ራሱ አቆመኝ። "አልሳቱም" አልኩ። "አሥር ነው ያሉኝ። ለስድስቱ ደግሞ ከስድስት ሰዓት በፊት ተመለሱ ብለውኝ ነበር። ያንን ከወረቀቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።" ምሰሶው፣ ዳሱ፣ ሰዓቱ፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ስጨርስ ሽማግሌው ብዙ አዩኝና፣ "ልጄ፣ ይህን በሕይወት እያለ ብትናገር ሞተሬን ሌላ ቦታ አልወስድም ነበር" አሉኝ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ከውስጥ አስጠሩኝ። ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው አብጧል። ሁሉንም በድንኳኑ ሸራ በኩል እንደሰሙ ነገሩኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ኸይሩ ግን አንተ እንደምትለው አይልም ነበር አሉኝ፤ ተክሌ ለመነኝ እንጂ እጄን ይዞ አላስፈረመኝም፣ የፈረምኩት እኔ ነኝ ነበር የሚለው።

ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ያኔ ወጣ። "እትዬ፣ ታዲያ ለምን ፈረሙልኝ? ለእርስዎስ ነግረውዎታል?" አልኳቸው።

እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን ከጉልበታቸው ላይ አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት።

"ስንት ጊዜ ጠየቅኩት። ዝም ይለኝ ነበር" አሉ። "አንድ ቀን ተክሌ መጥቶ ኸይሩ ለምን እንደፈረመ ይነግረኛል ብዬ ነበር በሩን በሩን ሳይ የከረምኩት።"